ከመለኪያው ስድስት እርምጃ

በመንደሩ ውስጥ ስሙን የሚጠራ ሰው የለም። ትልቁም ትንሹም ሚሊሜትር ይለዋል፤ አክብሮት ሲጨመርበት ጋሽ ሚሊሜትር። ስሙን ያወጣችለት ባለሻይ ቤቷ ናት። ሥራውን በጀመረ ሰሞን ሻይ ሊጠጣ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ስለ ትናንቱ ዶፍ እያነሣ "መዓት ነው የወረደው" እያለ ሲያጋንን፣ እሱ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና "ሠላሳ ሁለት ነጥብ ስድስት ሚሊሜትር" አለ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። በቃ፣ ያን ቀን የተለጠፈበት ስም ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት አልለቀቀውም።

ሥራው እንደምታዩት ነው፤ ሥራ ከተባለ። ከቤቱ ጓሮ፣ ሜዳው ላይ፣ በድንጋይ መደብ የቆመ የቆርቆሮ ዕቃ አለ። ቁመቱ ወገብ አይደርስም። አፉ ክፍት ነው፣ ሆዱ ውስጥ ጠርሙስ ተቀምጧል። ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ሚሊሜትር ይወጣና የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ወደተሠራበት ብርጭቆ ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውሃው ጋር ያስተካክላል፤ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ይጽፋል። በወሩ መጨረሻ ወረቀቱን አጥፎ በፖስታ አውቶቡስ ወደ ዋናው ከተማ ይልካል። ካልዘነበም ይወጣል። ባዶውን ጠርሙስ አንሥቶ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ አይቶ፣ ዜሮ ብሎ ይጽፋል። "ካልዘነበ ምን ልታይ ትወጣለህ?" ብለው ሲያሾፉበት "አለመዝነቡን" ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

አገሪቱ ትንሽ ናት። መንገዱ ቀጥ ቢል ኖሮ ማልዶ ከአንዱ ድንበር የተነሣ ሰው ምሳውን ሌላኛው ድንበር ላይ ይበላ ነበር። ግን ቀጥ አይልም። ሦስት ሸለቆና አንድ ወንዝ አላት፤ የቀረው ሽቅብና ቁልቁል ነው። ማሳው በድንጋይ ካብ ተደግፎ፣ እንደ ደረጃ ተደራርቦ እስከ ጫፍ ይወጣል። ጉሙ ጠዋት ከሸለቆው ተነሥቶ በረንዳ ድረስ ይመጣል፣ ረፋድ ላይ ተመልሶ ይወርዳል። ሰዉ ከነፋስ ጋር እየተሟገተ ስላደገ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ዝም ያለ ሰው ካየ ያመመው ይመስለዋል። ከወዲያኛው ጋራ ጎረቤቱን ይጠራል፣ ጎረቤቱም ይመልስለታል፤ እንገናኝ ካሉ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በዚህች አገር ላይ የዝናብ መለኪያ ያለው አምስት ቦታ ብቻ ነው። ከአምስቱ አንዱ ሚሊሜትር ጓሮ ያለው ቆርቆሮ ነው። ይህን ሲናገር ደረቱ ትንሽ ይነፋ ነበር፤ አይፈረድበትም።

ለእሱና ለሚስቱ አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ ሴት። ገና በአምስት ዓመቷ ጠዋት ጠዋት አባቷን ተከትላ ትወጣና ቆርቆሮውን እያየች "ዛሬስ ስንት ጠጣ?" ትላለች። ሰባት ሲሞላት ትምህርት ቤቱ ለተማሪው ሁሉ የጥድ ችግኝ አደለ። የት እንደተከለችው ለአባቷ የነገረችው ተክላ፣ ውሃ አጠጥታ፣ እጇን ከታጠበች በኋላ ነው። ከመለኪያው ስድስት እርምጃ ላይ ተክላዋለች።

ሚሊሜትር ክው አለ። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው መመሪያ ላይ በቁጥር ሰፍሯል፤ ማንኛውም ዛፍ ከመለኪያው የሚርቀው ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ ነው። ዛፍ በአቅራቢያው ካለ ዘንበል ብሎ የሚመጣውን ዝናብ ይጋርዳል፣ ቁጥሩም ያንሳል።

"ምነው ይሄ ሁሉ ቦታ እያለ እዚህ ተከልሽው?" አላት።

"ብቻውን ስለሚያድር ነዋ" አለችው። "አንተ ትገባለህ፣ እሱ ግን ዝናብ ላይ ብቻውን ነው የሚያድረው።"

ምን ይበላት? ችግኙ ከጉልበቷ አይበልጥም። ሲያድግ ይታሰብበታል አለና ተወው። ሰው እንዲህ እያለ የሚተወው ነገር ስንት ነው።

በየሁለት ዓመቱ ከዋናው ከተማ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ተቆጣጣሪ ነበር። ሲያነክስ ሲያነክስ ዳገቱን ይወጣና ቆርቆሮውን ይመረምራል፣ መዝገቡን ያያል፣ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ "በአቅራቢያ ያለ መሰናክል" የሚል ጥያቄ አለ። ጥዱ ወገብ ላይ ሲደርስ "የለም" ብሎ ጻፈ። ሰው ሲያክል "አንድ ዛፍ፤ ወደፊት የሚቆረጥ" ብሎ ጻፈና ሚሊሜትርን በመነጽሩ ላይ አየት አደረገው። "ልጅቷን አስፈቅድ እንጂ" አለው። እሱም እሺ አለ።

አላስፈቀዳትም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ ነው የሆነው። ዝናቡ ሲያወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራ አለ። ፈተና ነበረባት። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ የጋራውን ወገብ ይዞ ይዞራል። እናቷ "ዛሬ ቅሪ" አለች። ሚሊሜትር "ፈተና እኮ ነው፣ ትሂድ" አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጋራው ተናደ። ድምፁን ሰምቶታል። ነጎድጓድ መሰለው። ሰዓቱን አየ፣ ሦስት ሰዓት እስኪሞላ ጠበቀ፣ ወጣ፣ ብርጭቆውን አስተካክሎ ስድሳ አንድ ነጥብ አራት ብሎ ጻፈ። ሰው እየሮጠ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሥራ አንድ ቀን ቆፈሩ። ጋራው ከነመንገዱ ወንዙ ውስጥ ገብቷል፤ ምን ይገኛል? ስለዚህ ልጅቷ መቃብር የላትም። ያላት ያ ጥድ ነው። እናቷ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ የቤቱን ሥራ ስትጨርስ፣ ዱካ ይዛ ትወጣና ሥሩ ትቀመጣለች። አታለቅስም። እህል ትለቅማለች፣ ሹራብ ትሠራለች፣ ካልሆነም እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሏን ስለ ዝናብ አንዲት ቃል ጠይቃው አታውቅም። እሱም አውርቶላት አያውቅም።

ሽማግሌው ተቆጣጣሪ በዓመቱ መጣ። ጥዱን ቀና ብሎ አየው፣ ሥሩ የተቀመጠችውን ሴት አየ። "መሰናክል፦ የለም" ብሎ ጻፈና ሻይ ሳይቀምስ ወረደ። ጡረታ ወጣ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ሚሊሜትር ግን መመሪያውን በቃሉ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ወደ ቆርቆሮው ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ፣ ጥዱን ላለማየት ፊቱን አዙሮ ነበር የሚያልፈው። ጥዱ አደገ፤ ከጣራው በላይ ሄደ። ከሸለቆው ማዶ፣ ከመኪናው መንገድ ላይ ሆኖ ወደ መንደሩ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው በጋ ከበላይ የተላኩ ሰዎች መጡና የመንደሩን ሰው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡት። አንደኛው ክራቫት ያሰረ፣ ትሕትና ያለው ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ሰቀለ። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አለ፤ መስመሩ ለብዙ ዓመት ደልደል ብሎ ይሄድና በኋላ ቁልቁል ይወርዳል።

"በዚህ ሸንተረር ላይ የሚጥለው ዝናብ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሲሶው ሄዷል" አለ። "በዚህ አካሄዱ ምንጮቹ ይደርቃሉ። ሳይደርቁ በፊት መንደሩ ወደ ታችኛው ሸለቆ ይዛወራል። ቤት ተሠርቶ ይጠብቃችኋል።"

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጮክ ብሎ የሚያወራ ሕዝብ ጸጥ ሲል ያስፈራል። በመጨረሻ አናጢው ከኋላ ተነሣ።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ዝናቡን ማን ለካው?"

"የራሳችሁ ጣቢያ ነዋ" አለ ሰውዬው። "በጣም ጥሩ መዝገብ ነው። አንድ ቀን አልጎደለበትም።"

አዳራሹ ሙሉ ዞሮ ሚሊሜትርን አየ። እሱ ግን ማንንም አላየ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። መስመሩ መውረድ የጀመረበትን ዓመት በጣቱ ወደ ኋላ እየቆጠረ ደረሰበት። ጥዱ ከጣራው በላይ የሄደበት ዓመት ነው።

"ዛፉ ነው" አለ። ለራሱ የተናገረ መስሎት ነበር፤ ለካ አዳራሹ ሁሉ ሰምቶታል።

አይ ሰው። እስኪመሽ ድረስ ያልሰማ አልነበረም። ጥፋቱ የዛፉ ከሆነ ዝናቡ አልቀነሰም ማለት ነው፤ ዝናቡ ካልቀነሰ መንደሩ የሚነሣበት ምክንያት የለም። በማግስቱ ጓሮው እንደ ገበያ ቀን ሞላ። ሰው ጥዱን ወደ ላይ እያየ፣ በእጁ እየጋረደ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እያሳየ ይከራከራል። ባለሻይ ቤቷ ወገቧን ይዛ ቆማ፣ "ለካ ዝናባችንን ሲውጥብን የኖረው ይሄ ነው" አለች። ተንኮል የላትም፤ አፏ ነው። የሚሊሜትር ሚስት በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ዱካዋን አንሥታ ወደ ቤት ገባች።

ሚሊሜትር መዝገቦቹን ጠቅልሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በወረቀት ክምር መካከል፣ ሽማግሌውን የተካችው ወጣት ተቆጣጣሪ አገኘችው። ወንበር ሰጠችው። ሁሉንም ነገራት፤ ችግኙን፣ እርምጃውን፣ የሽማግሌውን ቅጽ፣ ናዳውን። እንዲህ ብዙ ተናግሮ አያውቅም። "ጥፋቱ የኔ ነው" አላት። "እያወቅሁ ነው የተውኩት። የሃያ ስድስት ዓመት መዝገቤን ጣሉት፣ እኔንም አባሩኝ። መንደሩን ግን አትንኩት።"

ወጣቷ መዝገቦቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ከደነች።

"አባባ" አለችው፣ "መዝገቡን ልጣል ብል እንኳ አይሰሙኝም። መንደሩ ይዛወር ብሎ የወሰነው ኮሚቴ የሚሰማው ቁጥር ነው። ዛፉ ይቆረጥ። መጪውን ክረምት ሙሉ እንዳስለመዱት ይለኩ። ቁጥሩ ወደ ድሮው ከተመለሰ ወረቀቱን ይዤ ራሴ ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ። ቃሌ ነው።"

"ይመለሳል" አላት።

"ካልተመለሰስ?"

"ልጄ፣ እዚያ ተራራ ላይ የምኖረው እኔ ነኝ" አለ። ይህን ሲል እርግጠኛ ነበር። እርግጠኛ መሆን ነበረበት።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ድንች እየላጠች ነበር። ከፊቷ ቁጭ ብሎ የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት። ትጮህብኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ቢላዋውን ሳታቆም ሰማችውና "መቼ ነው?" አለች።

"ዝናቡ ሳይገባ። በዚህ ሳምንት።"

"እሺ" አለች። 

አናጢው ባለሁለት እጀታውን መጋዝ ይዞ መጣ፤ ሌላኛውን እጀታ የያዘው ራሱ ሚሊሜትር ነው። ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ። ሚስቱ ከሥሩ ተነሥታ ዱካዋን ትንሽ ራቅ አድርጋ ተቀመጠች፤ ግቢ ቢሏትም አልገባችም። የጥዱ ሽታ ጓሮውን ሞላው። ሲወድቅ ያሰበውን ያህል እንኳ አልጮኸም። ቅርንጫፉ መሬቱን መታ፣ ብናኝ ተነሣ፣ ከኋላው ያልነበረ ሰማይ ታየ። አንዳንዱ ሰው ሊያጨበጭብ እጁን አንሥቶ የሴትዮዋን ፊት ሲያይ መለሰው።

አናጢ አናጢ ነው፤ እንጨት ካየ አያልፍም። ጎንበስ ብሎ ጉቶውን በመዳፉ ጠረገና ቀለበቶቹን በጥፍሩ እየነካ መቁጠር ጀመረ። "ሃያ ሦስት። ልክ ነው። አየኸው፣ እስከዚህ ድረስ ምን የመሰለ ሰፋፊ ቀለበት አውጥቶ፣ ተንደላቆ ነው ያደገው። ከዚህ ወዲህ ግን እየጠበበ ሄዷል። ውሃ ጠምቶት ነበር ምስኪን።" የተናገረውን ራሱም ሳያስተውለው ተነሥቶ መጋዙን በጨርቅ ይወለውል ጀመር።

ሚሊሜትር ግን ጉቶው ላይ ተንበርክኮ ቀረ። ጠባብ ጠባቦቹን ቆጠራቸው። አሥራ አንድ ናቸው። ደግሞ ቆጠራቸው። ዛፍ ዝናብ የሚጋርድ ከሆነ ለራሱማ ይጠጣው ነበር።  ከዚያ "እርጅና ነው፣ ዛፍም ሲያረጅ እድገቱ ይቀንሳል" ብሎ ለራሱ ነገረው። ሃያ ሦስት ዓመት ለጥድ እርጅና አለመሆኑ ጠፍቶት አይደለም።

ክረምቱ ገባ። ድሮ፣ መስመሩ ደልዳላ በነበረበት ዘመን፣ የመጀመሪያው ወር ከሦስት መቶ ሚሊሜትር በታች ወርዶ አያውቅም። ባለፉት ዓመታት ግን ሁለት መቶ ከደረሰ ጥሩ ነው። አሁን መለኪያው ከአራቱም ማዕዘን ገላጣ ሆኗል፤ የሚጋርደው አንዲት ቅጠል የለም። መንደሩ ጠዋት ጠዋት በሦስት ሰዓት አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቀዋል። "ስንት ሆነ?" ይላሉ። ሰባት ነጥብ ሁለት። አራት ነጥብ ዜሮ። አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት። "ገና ነው፣ ገና ጀመረ እኮ" ይላሉ። ወሩ አለቀ። ደመረው። መቶ ሰማንያ ስምንት መጣ። ስሕተት ይሆናል ብሎ ሌላ ወረቀት አውጥቶ እንደገና ደመረ፤ ያው መቶ ሰማንያ ስምንት ነው።

ከዚያ ወዲያ አጥሩ ላይ የሚቆመው ሰው እየሳሳ ሄደ። ባለሻይ ቤቷ ግን አንድ ጠዋት ብቻዋን መጣች። ዙሪያዋን አየት አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እሷ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው።

"ጋሽ ሚሊሜትር፣ አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቆጣኝ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠብ ብታደርግበት ማን ያይሃል? ጠዋት ጠዋት፣ አንዲት ብርጭቆ። ከሰማይ ይምጣ ከእንስራ፣ ያው ውሃ ውሃ ነው።"

"ሂጂልኝ" አላት።

ሄደች። ነገሩ ግን አልሄደለትም። ቀን ሲሠራ ያስበዋል፣ ሲበላ ያስበዋል። ሁለተኛው ወር አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት መዝገቡን በአንድ እጁ፣ ጆግ ሙሉ ውሃ በሌላ እጁ ይዞ ወጣ። ጠርሙሱ ውስጥ ሦስት ነጥብ አንድ አለ። ጆጉን አዘነበለው፤ ውሃው ከጆጉ አፍ ሳይደርስ እጁ ቆመ። ቀና ሲል ሚስቱ ጉቶው ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። በዚያ ሰዓት ወጥታ አታውቅም።

"እሷ በሞተችበት ቀን እንኳ አልዋሸህም" አለችው።

ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠ። እዚያው መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለካ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልቡ ውስጥ ያቆያት አንዲት ተስፋ ነበረች፤ አሁን እሷም ሄደች።

"ዝናቡ እውነትም ቀንሷል" አለ። "ዛፉ አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ውሃ የምቀዳው እኔ አይደለሁም እንዴ? ድሮ ጀሪካኑን ምንጩ ሥር አስቀምጬ ነጠላዬን ሳስተካክል ይሞላል። አሁን ቁጭ ብዬ፣ ከሰው ጋር አውርቼ፣ ወሬ አልቆብኝ ነው የሚሞላው። ሴቱ ሁሉ ያውቃል። አፍ አውጥቶ የሚናገር ነው የጠፋው።"

 "ታዲያ ስቆርጠው ለምን ዝም አልሽ?"

ሴትዮዋ እጇን ጉቶው ላይ አሳርፋ ቀለበቶቹን ዳበሰች።

"ዝናብ ዋጠችብን ሲሏት ሰማሃ" አለች። ዛፉን ማለቷ ነው፤ እንዲህ ነበር የምትለው፣ ሁልጊዜ "እሷ" እያለች። "ባትቆረጥ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲሁ ሲሏት ይኖራሉ። ታች ወርደን፣ ቤታችን ጠፍቶ፣ ያ የሚሊሜትር ልጅ ዛፍ ነው ያስነቀለን ይላሉ። እኔ ያንን መስማት አልችልም። ትቆረጥና ጥፋት እንደሌለባት ይዩት አልኩ።"

ሚሊሜትር ያን ጊዜ አለቀሰ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሚስቱ ፊት ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው። አላባበለችውም። ጠግባ እስክታየው ድረስ አየችውና "ሦስት ሰዓት አልፏል፣ ጻፍ" አለችው። ሦስት ነጥብ አንድ ብሎ ጻፈ።

ወረቀቱን በጊዜው ላከው፤ የሁለተኛውንም የሦስተኛውንም ወር። መልሱ ክረምቱ እንደወጣ ደረሰ። ማኅተም ያለበት፣ በታይፕ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። በመለኪያው አቅራቢያ የነበረው መሰናክል ከተነሣ በኋላ የተገኘው ልኬት ከቀድሞው ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ የጣቢያው የሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ ሆኖ መገኘቱን ይገልጻል። ለትጋቱ ያመሰግናል። መንደሩ በተያዘለት ቀን እንደሚዛወርና ጣቢያው እንደሚዘጋም ይናገራል። ከግርጌ ወጣቷ ተቆጣጣሪ በእጇ "አባባ፣ ይቅርታ" ብላ ጨምራለች።

ሰው ሙሉ ዕድሜውን ልክ ልሁን ብሎ ይደክማል። እሱ ሆነለት። አንዲት ቁጥር አልተሳሳተም። ደብዳቤውን መዝገቡ ውስጥ ከተተውና ለማንም አላሳየም።

የጭነት መኪኖቹ የመጡት ሰማዩ ጥርት ባለ አንድ ማለዳ ነው። አልጋው፣ ምጣዱ፣ በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ተጫነ። ሹፌሩ ጥሩምባ ሲያስጮህ ሚሊሜትር "አንድ ጊዜ" ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። ሦስት ሰዓት ነው። ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ዜሮ ብሎ ጻፈ። ቆርቆሮውን ይውሰደው ይተወው የነገረው ሰው ስላልነበረ እዚያው ተወው፤ ብቻውን። ጉቶውን ዞር ብሎ ለማየት አልደፈረም።

ባልና ሚስቱ ከጭነቱ ላይ፣ ወደ ኋላ ዞረው ተቀመጡ። ሚስቱ ዱካዋን ታቅፋለች። መኪናው ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶውን ዳገት መውጣት ጀመረ። ናዳው የወረደበት ቦታ አሁን ሣር ለብሷል፤ ከሌላው የጋራ ጎን አይለይም። ከተጠማዘዘው መንገድ ላይ ሲደርሱ ሸንተረሩ ሙሉ በሙሉ ታየ። ጣራቸው የተነሣ ግድግዳዎች ከድንጋዩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይዘው ተደርድረዋል። ድሮ ከገበያ ሲመለሱ፣ ሚስቱ እዚህ ቦታ ላይ ቀና ብላ ጥዱን ታይና "ደረስን" ትል ነበር።

አሁንም በልማዷ ቀና አለች። ዓይኗ ሸንተረሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለገው፤ ተመልሶም ፈለገው።

"የት ጋ ነበር?" አለችው።

ሚሊሜትር ሊያሳያት እጁን አነሣ። ከአንዱ ፍርስራሽ ወደ ሌላው ፍርስራሽ አዘዋወረው። ሃያ ስድስት ዓመት ቁጥር ሲያሳየው የኖረ ዓይኑ ቦታውን አጣው። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ እጁ እንደተነሣ ነበር።